ፍቅፋቂው የት ይውደቅ?

ድፎ ዳቦ ሲጋገር ከሊጡ ሥር የሚነጠፈውን ኮባ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ቅጠሉ ግን ለምን ከዳቦው ጋር ተጣብቆ አይቀርም? እሳቱ ከላይና ከታች እየነደደስ ለምን ወዲያው አመድ አይሆንም? ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል፤ መልሱ ግን አዋቂንም ያስተምራል። የቅጠሉ ገጽ በስስ ሰም የተሸፈነ ስለሆነ የሊጡ ውኃ ሰርጎ አይገባበትም። በውስጡ ደግሞ ብዙ ውኃ ይዟል። ያ ውኃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የቅጠሉ ሙቀት ውኃ ከሚፈላበት ደረጃ ብዙም አይዘልም። ስለዚህ መጀመሪያ ይጠወልጋል፣ ቀጥሎ ይደርቃል፣ የሚያርረው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ዳቦው በስሏል።

ኮባ የምንለው ይኸው የእንሰት ተክል በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከቅጠሉ በቀር ለሌላ ነገር እምብዛም አይፈለግም። ከ1769 እስከ 1771 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ የቆየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በጎንደር አካባቢ አይቶት፣ በ1790 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፉ ሥዕሉን አስገብቷል፤ የሚበላ መሆኑንም ጽፏል። ወደ ደቡብ ሲወረድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዳሞታ ተራራ ግርጌ ከተቀመጠችው ከወላይታ ሶዶ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ወደ ገበሬ ግቢ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እንሰት ነው፤ ወላይታዎች ኡታ ይሉታል። ከቤቱ ጀርባና ጎን ተጠጋግቶ ይቆማል። ቤቱን የተጠጋው አለምክንያት አይደለም፤ የከብቱ ፍግና የቤቱ ጥራጊ በቅርብ የሚደርሰው እዚያ ነው።

ወላይታ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። የቤተሰቡ ማሳ ጠባብ ነው፣ አፉ ብዙ ነው። ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር ላይ የቆሙ ከ40 እስከ 60 የሚደርሱ እንሰቶች አምስት ስድስት ሰው ያለበትን ቤተሰብ ሊመግቡ እንደሚችሉ ይገመታል። እንሰት እንደ ስንዴ ወይም እንደ በቆሎ በወቅቱ ካልታጨደ የሚረግፍ አይደለም። ለመድረስ እንደ ቦታው ከፍታና እንደ ዝርያው ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅበታል፤ ከደረሰ በኋላም እስኪያብብ ድረስ በቁሙ ይጠብቃል። የሚያብበው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አብቦ ይሞታል። ስለዚህ ብልህ ባለቤት ከአበባው ቀድማ ትቆርጠዋለች።

ልጆችን የሚያስደንቀው ደግሞ የመራቢያው ነገር ነው። ገበሬው ዘር አይዘራም። ከመሬት በታች ያለውን አሚቾ ያወጣል፣ መሐል ላይ ያለውን ቡቃያ ፈልፍሎ ይጥላል፣ ቀዳዳውን በአፈርና በፍግ ሞልቶ መልሶ ይቀብረዋል። ጫፉ የተወገደበት አሚቾ በዙሪያው ተኝተው የነበሩትን እምቡጦች ይቀሰቅሳል፤ ከአንድ አሚቾ በአሥሮች የሚቆጠሩ ችግኞች ይፈልቃሉ። የዕፅዋት ሊቃውንት ዋናው ጫፍ የጎን እምቡጦችን አፍኖ እንደሚይዝ በመጽሐፍ ያስተምራሉ፤ የወላይታ ገበሬ ደግሞ ከአባቱ ተምሮ በቢላው ያሳያል።

እንዲህ ያለ ዕውቀት በተከማቸበት ግቢ ውስጥ ምን የሚፈጠር ነገር ቀረ? ይህን ለማየት መፋቂያው አጠገብ መቀመጥ ይሻላል።

እንሰት መትከልና ማዛወር በልማድ የወንድ ሥራ ነው፤ መፋቅ የሴት። ግንድ የሚመስለው ነገር በእውነቱ ግንድ አይደለም፣ የቅጠሎቹ እግር ተደራርቦና ተጠቅልሎ የቆመ ነው። እናቲቱ ሽፋኖቹን አንድ በአንድ ትገነጥላቸዋለች። ሳንቃውን ሰያፍ አድርጋ ከቆመ እንሰት ጋር ታስደግፋለች፣ ከሥሩ ንጹሕ ቅጠል ትነጥፋለች፣ መሬት ላይ ትቀመጣለች። ሽፋኑን ሳንቃው ላይ ዘርግታ የላይኛውን ጫፍ በተረከዟ ትረግጣለች፤ ከዚያ የተሰነጠቀውን ቀርከሃ በሁለት እጇ ይዛ ከላይ ወደ ታች ትገፋለች። እርጥቡ ነጭ ፍቅፋቂ ቅጠሉ ላይ ይወድቃል፣ ቃጫው እጇ ላይ ይቀራል። ገልብጣ ትደግማለች፣ ሌላ ሽፋን ታነሣለች። እንዲህ እየተባለ ቀኑ ይመሻል። ወገቧን፣ ትከሻዋንና ያን የተሰቀለ እግሯን ማንም አይቆጥርላትም። የወላይታዎች ዘመን መለወጫ የጊፋታ በዓል ሲቃረብ ደግሞ ሥራው በእጥፍ ይጨምራል።

የፈጠራ ሐሳብ የሚፈልግ ወጣት ይህን ትዕይንት ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት ነገር ይታወቃል፦ ማሽን! ማሽንማ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሜክሲኮ ዩካታን ለቃጫ ተክል የቅጠል መፋቂያ ማሽን ተሠርቷል፤ ሲሳል የሚባለው ቃጫ ዛሬም በዚያው መንገድ ይፋቃል። ደነዝ ስለቶች የተገጠሙበት ከበሮ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ቅጠሉ በከበሮውና በአንድ ቋሚ ብረት መካከል ይገባል፣ ሥጋው ተቀጥቅጦ ይረግፋል፣ ውኃ እየጠረገ ይወስደዋል፣ ቃጫው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ታዲያ ያን አምጥቶ እንሰት መስጠት ነው?

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ለእኔ የነገሩ ሁሉ ፍሬ ያለው እዚሁ ነው። የሲሳሉ ማሽን የሚፈልገው ቃጫውን ነው፤ የሚጥለው ፍቅፋቂውን። ወላይታ የሚበላው ደግሞ ፍቅፋቂውን ነው፤ ቆጮ የሚሆነው እሱ ነው! ማሽኑ በኃይል ሲመታው ምግቡ በየአቅጣጫው ይረጫል፤ ከበሮውን የሚያጥበው ውኃ ደግሞ ከሁሉ የተወደደውን ነገር፣ ከጭማቂው የሚረጋውን ቡላ፣ ይዞት ይሄዳል። ስለቱ ቢሳል ቃጫው ይቆራረጥና ከምግቡ ጋር ይቀላቀላል። ብረቱ ተራ ብረት ከሆነ የተክሉ ጭማቂ ሲነካው ይዝጋል፣ ቆጮውንም ሊያጠቁረው ይችላል። ቀርከሃ ለዚህ ሥራ የተመረጠው በድህነት ብቻ ነው የሚል ሰው ቀርከሃን አላወቀውም። አይዝግም፣ ቃጫውን ሳይቆርጥ ሥጋውን ብቻ ለመግፈፍ የሚበቃ ጥንካሬ አለው፣ ሲደንዝ በቢላ ይሳላል፣ ሲሰበር ሌላው ጓሮ ውስጥ ቆሟል።

እንግዲህ መልካም የእንሰት መፋቂያ ምን ዓይነት ሊሆን ይችላል? በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች የምርምር ተቋማት መፋቂያዎችና መጭመቂያዎች ተሠርተዋል፤ መንገዱ ተጀምሯል። እኔ በሐሳቤ የምሥለው ዘገምተኛ ማሽን ነው። ሽፋኑ በሁለት ጥቅሎች መካከል ቀስ ብሎ ይጎተታል፤ ከላይ አንድ ደነዝ የእንጨት ወይም የጠንካራ ፕላስቲክ ምላስ በስፕሪንግ ይጫነዋል፤ ሽፋኑ በአንድ በኩል ወፍራም በሌላው በኩል ስስ ስለሆነ ምላሱ ከውፍረቱ ጋር ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። ውኃ አይነካውም። ከሥሩ ሰፊ ትሪ አለ። የሚያንቀሳቅሰው የብስክሌት ፔዳልና ሰንሰለት ነው። እነዚህ ደግሞ ሶዶ ውስጥ ጠጋኝም መለዋወጫም አያጡም። ክብደቱ ሁለት ሰው ተሸክሞት ከጓሮ ጓሮ የሚዞር ይሁን፤ ምክንያቱም እንሰት ከባድ ነው፣ ፍቅፋቂው የሚቦካበት ጉድጓድም ያለው እዚያው ነው፣ ማንም ተሸክሞት ወደ ወፍጮ ቤት አይሄድም። የሞተሩን ነገር ለጊዜው እንተወው። ፔዳል የሚረግጥ ወንድ ልጅ ከተገኘ ግን ሳይታሰብ ሌላም ነገር ይለወጣል፤ የሴት ብቻ የነበረው ሥራ የወንድ እግር ይገባበታል። እናቶች ይህን ይወዱታል ወይስ ጓዳችን ተደፈረ ይላሉ? መሐንዲሱ ሥዕሉን ከመጀመሩ በፊት ሄዶ ቢጠይቃቸው ይሻለዋል።

ለአሚቾው ደግሞ መልሱ ከዚህ ቀላል ነው። አሚቾ ሳይቦካ ተቀቅሎ እንደ ድንች ይበላል፤ ለቆጮ ሲሆን ግን በጥርሳም እንጨት እየተወቀረ ይደቃል። ምዕራብ አፍሪካውያን ካሳቫን ጋሪ ለሚሉት ምግባቸው የሚፈቀፍቁበት ማሽን አላቸው። በምስማር የተበሳሳ ቆርቆሮ፣ ሻካራ ጎኑ ወደ ውጭ ሆኖ፣ በእንጨት ከበሮ ላይ ይጠቀለላል፤ ከበሮው በትንሽ ሞተር ይሽከረከራል፤ ሥሩ እላዩ ላይ ይገፋል። በየመንደሩ በብየዳ ቤት የሚሠራ ነገር ነው። ካሳቫ በወላይታም ስለሚበቅል አንዱ ከበሮ ሁለቱን ያገለግላል።

ከዚህም የሚቀል አለ። ፍቅፋቂው ሲጨመቅ የሚወጣው ፈሳሽ ደፍርሶ ነጭ ይሆናል። ለተወሰነ ጊዜ ሳይነካ ከተቀመጠ ከላይ ውኃው ይጠራል፣ ከታች ቡላ ይረጋል። ይህ የሚሆነው የስታርች ቅንጣት ከእኩል መጠን ውኃ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ነው። ጭንቁ ያለው ውኃውን ማፍሰሱ ላይ ነው። ዕቃው ዘንበል ሲል የረጋው ይነሣል፣ ነጩ ከውኃው ጋር ይሄዳል። በተራ የፕላስቲክ ባልዲ ላይ ከታች አንድ ጋት ከፍ ብሎ ቧንቧ ቢገጠም፣ ባልዲው ከቦታው ሳይነቃነቅ የጠራው ውኃ ብቻ ይወርዳል። ይህን ለመሥራት መሰርሰሪያ፣ የቧንቧ ጎማና ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ዩኒቨርሲቲ የሚያስፈልገው አይደለም። እንዲያውም እንዲህ ያለው ሐሳብ ትንሽነቱ ያሳፍረንና ሳንናገረው የሚቀር ይመስለኛል።

ከመፋቂያው ቀጥሎ ጉድጓዱ ይመጣል። ፍቅፋቂውና የደቀቀው አሚቾ ተቀላቅለው በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ይከተታሉ፣ በቅጠል ይሸፈናሉ፣ ድንጋይ ይጫንባቸዋል። ድንጋዩ ለምን? አየሩን ለማስወጣት ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ብርሃኑ ጋሼ በ1987 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት ጉድጓዱ ውስጥ የሚካሄደውን አሳይቷል። መጀመሪያ ልዩኮኖስቶክ የተባለው ባክቴሪያና ተባባሪው ሥራውን ይጀምራሉ፤ ሊጡ እየኮመጠጠ የፒኤች መጠኑ ከ6.5 ወደ 5.6 ይወርዳል። ከዚያ ላክቶባሲለስ የሚባሉት ተራውን ተረክበው እስከ 4.2 ያወርዱታል። በዚህ ኮምጣጣነት አብዛኛው ምግብ አበላሽ ባክቴሪያ ሊራባ አይችልም፤ ቆጮ ያለ ማቀዝቀዣ ወራት የሚቆየው ለዚህ ነው። ክሎስትሪዲየም የሚባሉትም በጥናቱ ተገኝተዋል። እነዚህ ቡቲሪክ አሲድ ያመርታሉ፤ ይህ አሲድ በከረረ ቅቤ ውስጥም የሚገኝ ነው። ቆጮ ያልለመደ እንግዳ አፍንጫውን ሲይዝ በአብዛኛው የሚሸሸው ከዚሁ ነው።

ጉድጓዱ ርካሽ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ነገር ግን ዝናብ ይሰርግበታል፣ አይጥ ይቆፍረዋል፣ ዳር ዳሩ ይበላሻል። ቻይናውያን አትክልት የሚያኮመጥጡበት ጋን አንገቱ ዙሪያ ቦይ አለው። ቦዩ ውስጥ ውኃ ይሞላል፣ ክዳኑ በውኃው ላይ ይደፋል። ከውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ ውኃውን እየገፋ ቡልቅ ቡልቅ ብሎ ይወጣል፤ የውጭው አየር ግን አይገባም። ስፕሪንግ የለው፣ ብሎን የለው! በወላይታ ሸክላ የሚሠሩ እናቶች ይህን አንገት ለመሥራት የሚያቅታቸው አይመስለኝም። አንድ ችግር ግን አለ። የቻይናው ጋን በብርጭቆ መሰል ልባስ የተቀባ ነው፣ የእኛ ሸክላ ደግሞ ባዶውን ፈሳሽ ይመጥጣል። እናቶቻችን ጋንና እንስራን በምን ያሟሹ እንደነበር ማስታወስና ኮምጣጣ ነገር ለወራት ሲቀመጥበት የትኛው ማሟሻ እንደሚጸና መሞከር ይገባል። እኔ የሸክላውን ጋን እየመረጥሁ ያለሁት ለውበቱ ነው ቢባል አልከራከርም፤ የፕላስቲክ በርሜል ያንኑ ሥራ በርካሽ ይሠራል። ቢሆንም በርሜሉ ገንዘቡን ወደ ፋብሪካ ይወስዳል፣ ጋኑ እዚያው ቀበሌ ያስቀረዋል።

አሁን ደግሞ ከመሣሪያ ሁሉ ትንሹ ወደሆነው ወደ ቢላው። እንሰትን የሚያጠወልግ የባክቴሪያ በሽታ አለ፤ በኢትዮጵያ መኖሩ በሳይንሳዊ ጽሑፍ የተመዘገበው በ1968 (እ.ኤ.አ.) ነው። ኋላ ወደ ሙዝም ተሻግሮ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ሙዝ አራቁቷል። የታመመ እንሰት ሲቆረጥ ከቁስሉ ቢጫማ ፈሳሽ ያነባል። ያ ፈሳሽ የነካው ቢላ ቀጥሎ ጤነኛውን ሲነካ በሽታውን ይተክልበታል፤ ስለዚህ ራሱ ገበሬው ሳያውቅ ዋናው አዛማች ይሆናል። ባለሙያዎች ቢላው በእሳት ይለብለብ ወይም በበረኪና ይነከር ይላሉ። ትክክል ናቸው፤ ግን በየእንሰቱ መካከል ቆሞ ቢላ የሚለበልብ ማን ነው? እንዲህ ያለ ምክር የሚከሽፈው ሰው ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን እጁን ሥራ ስለሚያስፈታው ነው። ሁለት ቢላ ቢሰጠውስ? ወገቡ ላይ የሚንጠለጠል ባለ ክዳን የፕላስቲክ ቱቦ፣ ውስጡ በረኪና ያዘለ ስፖንጅ ይኑረው። አንዱ ቢላ ሲሠራ ሌላው እየታከመ ይቆያል፤ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ሲሻገር ይቀያይራል። በረኪና ብረት ስለሚበላ ማታ ታጥቦ ቅባት ይቀባል። ሙሉ መሣሪያው ከአንድ ዶሮ ዋጋ ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ አለዚያ ማንም አይገዛውም።

ከበሽታው ጋር የሚታገለው ቢላ ብቻ አይደለም። እዚያው ወላይታ ውስጥ አረካ ላይ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ከየአካባቢው የተሰበሰቡ በመቶዎች የሚቆጠሩ የእንሰት ዓይነቶችን በማሳ ላይ አቁሞ ይጠብቃል። ያንቡሌ፣ ገዋዳ፣ እንዳሌ፣ ዘሪታ የሚባሉ ዝርያዎችን ለገበሬው አቅርቧል። ማዚያ የሚባለው የገበሬ ዝርያ ደግሞ በሽታውን ከሌሎቹ በተሻለ እንደሚቋቋም በሙከራ ታይቷል። ማዚያን ከብዙ ትውልድ በፊት ለይታ ስም ያወጣችለት እጅ የማን እንደነበረ መዝገብ አልያዘውም፤ ያም ግን ፈጠራ ነው።

ፈጠራ ሲባል ጥርስና ሰንሰለት ብቻ ለሚታየው ሰው ከሶዶ በስተደቡብ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ሁምቦን ማሳየት እወዳለሁ። የሁምቦ ኮረብቶች ለአሥርተ ዓመታት ተመንጥረው ራቁታቸውን ቀርተው ነበር። የተለመደው መልስ ችግኝ ማፍላትና መትከል ነው። ቶኒ ሪናውዶ የተባለ አውስትራሊያዊ ግን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኒጀር ውስጥ ሲሠራ፣ ባዶ በሚመስል መሬት ሥር የተቆረጡ ዛፎች ጉቶ አሁንም በሕይወት እንዳለ አስተዋለ፤ በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፣ በየዓመቱ ፍየልና መጥረቢያ ይጨርሰዋል። መፍትሔው ከየጉቶው ጠንካራ ቡቃያዎችን መርጦ መተው፣ ቀሪውን መመልመል፣ ከብት እንዳይገባ መስማማት ነበር። ዘዴው ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በወርልድ ቪዥንና በአካባቢው ሕዝብ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በ2,728 ሄክታር ላይ ሁምቦ ውስጥ ተሠራበት። በ2009 (እ.ኤ.አ.) በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዘገበ፤ ደኑ የሚያምቀውም ካርቦን ለዓለም ባንክ ተሸጠ። አዲስ የተሠራ መሣሪያ የለም፤ የተለወጠው የመጥረቢያው አጠቃቀምና የመንደሩ ስምምነት ነው።

አሁን አንድ ሰው፣ የሶዶ በያጅ ወይም የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንበል፣ ከእነዚህ ሐሳቦች አንዱን ሠርቶ አሳካው። መብቱስ? በፈጠራ ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ሁለት በር ከፍቷል። አንደኛው ፓተንት ነው፤ ለ15 ዓመት ይሰጣል፣ ለተጨማሪ አምስት ዓመት ሊራዘም ይችላል፤ ሲጠየቅ ግን ሥራው አዲስ ከመሆኑ ሌላ በዘርፉ የሠለጠነ ሰው በቀላሉ የማይደርስበት እርምጃ መሆን አለበት። ሁለተኛው የአነስተኛ ፈጠራ ምስክር ወረቀት ነው። ይህኛው አዲስነትንና ጠቃሚነትን እንጂ ያን ትልቅ እርምጃ አይጠይቅም፤ ለአምስት ዓመት ይሰጣል፣ ለሌላ አምስት ሊታደስ ይችላል። ባለ ቧንቧው ባልዲና ባለ ስፖንጁ የቢላ ቱቦ ወደ ፓተንቱ በር ቢሄዱ የሚመለሱ ይመስለኛል፤ በሁለተኛው ግን ዕድላቸውን ቢሞክሩ አያስቅም። ማመልከቻው ሲሞላ ደግሞ የፈጣሪዎች ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ። በያጁ ምላሱ በስፕሪንግ ይጫን ያለው ከራሱ ከሆነ የእሱ ስም ይበቃል፤ ሽፋኑ በአንድ በኩል ወፍራም ስለሆነ ምላሱ ከፍ ዝቅ ይበል ብላ መላውን የነገረችው ሳንቃው ላይ የተቀመጠችው እናት ከሆነች ግን አዋጁ ፈጠራው በጋራ ሲሆን መብቱም የጋራ ነው ስለሚል የእሷም ስም አብሮ ሊሰፍር ይገባል።